ጡንቻ ለመገንባት የግድ መወፈር ያስፈልጋል? ባልክ ከማድረጋችሁ በፊት የሚሠራ ቅደም ተከተል

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀጭን ልጅ ጂም ሲመዘገብ ከአሰልጣኙም ከጓደኞቹም መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ብላ» የሚል ነው። ሩዝ ብላ፣ ፓስታ ብላ፣ ካልሆነም ሌሊት ተነስተህ ብላ፤ መጀመሪያ ሰውነት ይምጣ፣ ቅርጹ በኋላ ይወጣል። ጂም ቤት ውስጥ ይህ ባልክ ማድረግ ይባላል። በስድስት ወሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውጤት ደግሞ የታወቀ ነው፦ ክንዱ ትንሽ ሞላ ብሏል፣ ሱሪው አልቆለፍ ብሏል፣ ልጁም አሁን ቦርጭ ማጥፊያ እየጠየቀ ነው።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አብዛኛው ጀማሪ ባልክ ማድረግ አያስፈልገውም። ቦርጭ ያለው ሰው ጭራሹን አያስፈልገውም። የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱም ቢሆን የሚጨመረው ምግብ ከሚወራው በብዙ ያነሰ ነው። ከዚህ በታች ያለው የትኛው ወገን እንደሆናችሁ ለይታችሁ፣ ከቤታችሁ ምግብ ሳትወጡ እንዴት እንደምትሠሩ የሚያሳይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ጡንቻን እደግ የሚለው ምግብ አይደለም፤ ጭነት ነው። ጡንቻ ከለመደው በላይ ሲወጠር ሴሎቹ አዲስ ፕሮቲን መሥራት ይጀምራሉ። ለዚህ ሥራ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ጥሬ ዕቃው ማለትም ፕሮቲን፣ እና ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ማለትም ካሎሪ። ፕሮቲኑ ከምትበሉት መምጣት አለበት። ጉልበቱ ግን ከትሪው ካነሰ ሰውነት ካስቀመጠው ስብ መሳብ ይችላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ሆዱ ላይ አምስት ኪሎ ትርፍ ስብ የያዘ ሰው «ጡንቻ እንዲመጣልኝ ልወፍር» ሲል ጎተራው ሞልቶ ሳለ እህል ሊሸምት ገበያ እንደሚወጣ ገበሬ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 40 ወጣት ወንዶችን ለአራት ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ካሎሪ 40 በመቶ ቀንሰው መገቧቸው፤ በሳምንትም ስድስት ቀን ጠንካራ ስፖርት አሠሯቸው። ብዙ ፕሮቲን ያገኘው ቡድን፣ ማለትም በኪሎ ክብደት በቀን 2.4 ግራም የበላው፣ በአማካይ 4.8 ኪሎ ስብ እያጣ ስብ ያልሆነው የሰውነቱ ክብደት በ1.2 ኪሎ ጨመረ። ግማሹን ፕሮቲን ያገኘው ቡድን ስብ ቀነሰ እንጂ ስብ ባልሆነው ክብደት በኩል ያገኘው ከምንም አይቆጠርም።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ኩቤክ ውስጥ በ12 ጥንድ መንትዮች ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። ስፖርት ሳይሠሩ ለ84 ቀናት በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ በሉ። በአማካይ 8.1 ኪሎ ጨመሩ፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ስብ ነበር። ከሁሉም ያነሰ የጨመረው 4.3 ኪሎ፣ ከሁሉም የበለጠው 13.3 ኪሎ ነበር። «እሱ እንደዚህ በልቶ ነው የመጣለት» የሚለው ምክር ለምን በሌላው ላይ እንደማይሠራ ከዚህ ልዩነት መረዳት ይቻላል።

ስፖርት የሚሠሩትስ? ኖርዌይ ውስጥ 39 ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ስፖርተኞች ለሁለት ተከፍለው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ብረት ሠሩ። አንደኛው ቡድን በባለሙያ ምክር ትርፍ ካሎሪ እየበላ፣ ሌላው እንደ ፍላጎቱ እየበላ። በጡንቻ በኩል በሁለቱ መካከል እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አልታየም። የሰውነት ስብ ግን ትርፍ በበሉት ላይ በ15 በመቶ፣ በሌሎቹ ላይ በ3 በመቶ ጨመረ።

ላለማድላት፦ ምግብ በጣም ካነሰ የጡንቻ ዕድገት ይጎዳል። በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጎድሎባቸው ብረት የሠሩ ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ የማንሳት ጉልበታቸው እንደማንም ጨምሯል፤ ጡንቻቸው ግን በቂ ከሚበሉት ያነሰ አድጓል። ቀጫጫ ሰው ደግሞ የሚሳብለት ስብ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ራስን ማወቅ ነው።

ደረጃ 1፦ ለሁለት ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ለኩ

የሚያስፈልጋችሁ ሚዛን፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ማስታወሻ ነው። የቤት ሚዛን ከሌለ የጂሙን ወይም የመድኃኒት ቤቱን ተጠቀሙ፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንድ ሚዛን መሆኑ ነው።

ጠዋት ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ ምንም ሳትበሉ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ተመዘኑ። የሦስቱን ቀን አማካይ ጻፉ። የአንድ ቀን ቁጥር አትመኑ፤ ጨው የበዛበት ወጥ፣ ማታ የተበላ እንጀራና የተጠጣ ውኃ ብቻውን ሚዛኑን በአንድ ኪሎ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ወገባችሁን እምብርት ላይ፣ ሆዳችሁን ሳትስቡ ለኩ። ሆዱን ስቦ የሚለካ ሰው የሚያታልለው ማንን እንደሆነ አይገባኝም፤ ግን ሁሉም ይስባል።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት እንደወትሯችሁ ብሉ። ክብደታችሁ ካልተነቃነቀ የምትበሉት ለሰውነታችሁ ልክ የሚሆነው ነው ማለት ነው። ይህንን ማወቅ ከየትኛውም የካሎሪ ማስያ አፕ ይበልጣል፤ አፑ የአበበችን ሽሮና የአልማዝን ሽሮ ዘይት አይለይም።

ደረጃ 2፦ የትኛው ናችሁ?

ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ ይበልጣል? ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ማለት ነው። ባልክ የሚባለውን እርሱት። ፕሮቲኑን ከፍ አድርጉ፣ ብረቱን በትጋት ሥሩ፣ ከለስላሳ፣ ከስኳርና ከዘይት ቀንሱ። ጡንቻው ይመጣል፣ ሆዱም ይገባል። ሚዛኑ ላይ ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚታመነው ሜትሩ ነው።

መካከለኛ ሰውነት ኖሯችሁ ገና ጀማሪ ናችሁ? ጀማሪ የምለው አንድ ዓመት በትክክል ያልሠራን ሰው ነው። ጂም ከፍሎ አምስት ዓመት የሞላው፣ ግን ሁልጊዜ ያንኑ 10 ኪሎ ዳምቤል የሚያነሳም ለእኔ ጀማሪ ነው። እናንተም መወፈር አያስፈልጋችሁም። የምትበሉትን መጠን ይዛችሁ ፕሮቲኑን አስተካክሉ። የመጀመሪያው ዓመት ዕድገት ከሁሉም ፈጣኑ ነው፤ የሚመጣውም በአዲሱ ጭነት ምክንያት ነው። ሠርተው ያቋረጡና የተመለሱም እዚሁ ይገባሉ፤ የነበረ ጡንቻ ከአዲሱ በፍጥነት ይመለሳል።

ቀጭን ናችሁ? ክብደታችሁን በኪሎ፣ ቁመታችሁ በሜትር በራሱ ተባዝቶ በሚመጣው ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ 56 ኪሎ የሚመዝን ቁመቱ 1.75 የሆነ ሰው 18.3 ያገኛል። ከ18.5 በታች ከሆነ መጨመር ይጠቅማችኋል። ነገር ግን «ብዙ እበላለሁ፣ አልጨምርም» የምትሉ ከሆነ ከጂሙ በፊት ጤና ጣቢያ ግቡ። የሰገራ ምርመራ አድርጉ፤ ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ተውሳኮች በእኛ አገር የተለመዱ ናቸው። ሳታስቡት ክብደት የቀነሳችሁ፣ ማታ የሚያልባችሁ፣ የሚያስላችሁ ወይም ውኃ እየጠማችሁ ሽንት የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ጉዳዩ የቲቢ፣ የስኳር ወይም የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላል። ይህንን በእንቁላል አታድኑትም።

የመጨረሻዎቹ ከዓመት በላይ በትክክል የሠሩ፣ ሆዳቸው የገባ፣ እንቅልፍና ፕሮቲናቸው የተስተካከለ፣ ግን የሚያነሱት ብረት ለሁለት ወር አንድ ቦታ የቆመባቸው ናቸው። ትርፍ ምግብ የተሠራው ለእነዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ደረጃ 3፦ ፕሮቲኑን ከገዛ ማዕዳችሁ ቁጠሩ

የትኛውም ወገን ብትሆኑ ይህ ደረጃ አይቀርም። ልኩ በኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ከዚህ በላይ መጨመር በአማካይ ተጨማሪ ጡንቻ እንዳላመጣ አሳይቷል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ማለት ነው። ወገባቸው ከቁመታቸው ግማሽ በልጦ ምግብ የሚቀንሱት ግን ወደ 2 ግራም ቢጠጉ ይሻላል። ወፍራም ሰው የሚያሰላው በአሁኑ ሳይሆን ሊደርስበት በሚፈልገው ክብደት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን አይጨምር።

ችግሩ እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ መሆኑ ነው። ጉርሻ እንዴት ይመዘናል? መፍትሔው ትሪውን ሳይሆን ወደ ድስቱ የገባውን መቁጠር ነው። ቤት ውስጥ የሚጋግረውን ሰው «ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰባት ከወጣ አንዱ እንጀራ ወደ 140 ግራም ዱቄት አለው፤ ይህም ወደ 500 ካሎሪና ከ15 እስከ 18 ግራም ፕሮቲን ነው። አዎ፣ ከእንጀራ። ብዙ ሰው እንጀራን «ካርቦ ብቻ» ብሎ ይጥለዋል፤ ጤፍ ግን ከሩዝ በላይ ፕሮቲን አለው። ለአምስት ሰው በ250 ግራም ሽሮ ወጥ ከተሠራ የእናንተ ድርሻ 50 ግራም ሽሮ፣ ማለትም 10 ግራም ፕሮቲን ነው።

ሌሎቹን በቃላችሁ ያዙ። አንድ እንቁላል 6 ግራም። አንድ ሊትር ወተት ከ30 ግራም በላይ። 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ወይም ዓሣ ወደ 20። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ ወደ 25። ሽምብራ 20። ለውዝ 25፣ ግን ከ560 ካሎሪ በላይ ስለያዘ ቦርጭ የሚቀንሱ ሰዎች እፍኝ እንጂ ላስቲክ ሙሉ አይብሉ። አኩሪ አተር ከሁሉም በልጦ ወደ 36።

60 ኪሎ የሚመዝነው ሰው በፍስክ ቀን እንዲህ ሊበላ ይችላል፦ ቁርስ ላይ ሦስት እንቁላል (18)፣ ምሳ ላይ አንድ እንጀራ በሽሮ (26)፣ በቀን ውስጥ ግማሽ ሊትር ወተት (16)፣ እራት ላይ አንድ እንጀራና 100 ግራም ሥጋ ያለበት ጥብስ ወይም ወጥ (36)። ድምሩ 96 ነው። ዱቄት ፕሮቲን አልተገዛም። ሥጋው ከተወደደ እንቁላሉን አምስት አድርጉ፤ አንድ ምስር ወጥ ጨምሩ። በዱቄት የሚሸጠው ፕሮቲን መጥፎ ነው አልልም፤ ከወተት የተሠራ ምግብ ነው፣ ይመቻል። ግን በአንድ ቆርቆሮው ዋጋ ስንት ክሬት እንቁላል እንደሚገዛ ከማሰላችሁ በፊት ኪሳችሁን አትንኩ።

ደረጃ 4፦ መጨመር ያለባችሁ ብቻ ጨምሩ፤ በልኩ

ቀጭኖቹና ብረታቸው የቆመባቸው ልምድ ያላቸው ሰዎች እዚህ ግቡ። ሌሎቻችሁ ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

የሚጨመረው ከምትበሉት 10 በመቶ ያህል ነው፤ ለብዙ ሰው ከ200 እስከ 300 ካሎሪ። በጣም ለቀጠኑት እስከ 20 በመቶ መሄድ ይቻላል። የሚጠበቀው ዕድገት በሳምንት ከክብደታችሁ 0.25 እስከ 0.5 በመቶ ነው። ለ60 ኪሎ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ግራም፣ በወር ከ600 ግራም እስከ 1.2 ኪሎ። ትንሽ ይመስላል? በዓመት ሲባዛ አንሶ አይታይም። «በአንድ ወር 6 ኪሎ ጨመርኩ» የሚላችሁ ሰው አልዋሸም ይሆናል፤ የጨመረው ግን በአብዛኛው ውኃ፣ አንጀት ውስጥ ያለ ምግብና ስብ ነው።

ትሪውን አትንኩት። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራታችሁ እንደነበረ ይቀጥል፤ ከላዩ አንድ መጠኑን የምታውቁት ነገር ብቻ ጨምሩ። ሁሌም ያንኑ፣ ሁሌም በዚያው ሰዓት። ጥሩ ጭማሪዎች እነዚህ ናቸው፦

– አንድ ብርጭቆ ወተትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ተበጥብጦ። ከ250 ካሎሪ ብዙም አይርቅም።
– ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና አንድ ሙዝ። ወደ 300።
– አንድ እፍኝ ለውዝ ያለበት ቆሎ፣ ከሥራ ስትወጡ።
– ማኘክ ለሰለቸው ሰው አቮካዶ በወተት ተፈጭቶ፣ ስኳር ሳይገባበት። ጁስ ቤት የሚሰጠው በስኳርና በሽሮፕ የታጨቀ ስለሆነ ቤት ውስጥ ይሠራ።

ዘይትና ቅቤ በማንኪያ ከ100 ካሎሪ በላይ ስላላቸው ቀጭን ሰው ገንፎው ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ቢጨምር ሳይጠግብ ካሎሪው ይሞላለታል። የሚጨመረው ነገር ጣፋጭ ብስኩትና ለስላሳ ቢሆንስ? ሚዛኑ ይጨምራል። ጥርሳችሁም ይከፍላል፣ ፕሮቲኑም አይገኝም።

ደረጃ 5፦ ጭነቱን ጨምሩ

ምግብ ላይ ብዙ ያልኩት ርዕሱ ስለሆነ ነው እንጂ ዘጠና በመቶው ነገር ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብረት ሳይጨምር የበላ ሰው የሚገነባው ሆድ ነው።

እያንዳንዱን ዋና ጡንቻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥሩ። በሳምንት በድምሩ ለአንድ ጡንቻ ወደ 10 ዙር (ሳታርፉ በተከታታይ የምታነሱት አንድ ዙር ነው) በቂ መነሻ ነው። ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ ወይም ቤንች (ተጋድሞ ብረት መግፋት)፣ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ጎንበስ ብሎ ብረት ወደ ሆድ መሳብ፣ ከትከሻ በላይ መግፋት፣ ከመሬት ማንሳት፤ እነዚህ ካሉ መሠረቱ አለ። የክንድ ጌጣጌጡ በኋላ ይመጣል። እግርን መዝለል ግን በመስታወት ፊት የሚታየውን ብቻ መሥራት ነው።

በአንድ ዙር ከ5 እስከ 30 ጊዜ ማንሳት ይሠራል፤ ዋናው ነገር ዙሩ ሲያልቅ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ ብቻ የሚቀራችሁ መሆኑ ነው። እየሳቁና እያወሩ የሚጨረስ ዙር ጡንቻውን አልነካውም። ስለዚህም ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልቶ ብረት ያበጀ ልጅ ምንም አይጎድለውም፤ ክብደቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም ቁጥሩን መጨመር፣ ሲያወርድ ቀስ ማለት፣ ታች ሲደርስ ሁለት ሰከንድ መቆየት፣ ፑሽ አፑን እግርን ከፍ አድርጎ መሥራት ይችላል። የሠራችሁትን ጻፉ። ባለፈው ሳምንት 8 ጊዜ ያነሳችሁትን ዛሬ 9 ካነሳችሁ ሥራው እየሄደ ነው።

እንቅልፍ ከሰባት ሰዓት አይነስ። ሌሊት ተነስቶ መብላት የሚለውን ምክር ተዉት፤ ያ ሰዓት የመተኛ ነው።

ደረጃ 6፦ በየወሩ ፍረዱ

በአራት ሳምንት አንዴ ሦስት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የሳምንት አማካይ ክብደት፣ ወገብ፣ የምታነሱት ብረት።

ብረቱ ጨምሮ ወገቡ ባለበት ከሆነ ምንም አትንኩ፤ ሚዛኑ ባይጨምርም። ብረቱም ክብደቱም ቆመው ከሆነ ቀጭኖቹ ሌላ 150 ካሎሪ ጨምሩ። ወገቡ በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ እየጨመረ ብረቱ ካልተከተለው ያን ጭማሪ አውጡት፤ እየገነባችሁ ያላችሁት ጡንቻ አይደለም። ሚዛኑ ጨምሮ ብረቱ የቆመ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከምግቡ ሳይሆን ከደረጃ 5 ነው።

ወገብ ወደ ቁመት ግማሽ ሲጠጋ መጨመር ይቁም። ጭማሪውን ብቻ አንሱ፣ ፕሮቲኑና ብረቱ እንዳሉ ይቆዩ። ከዚያ በአንዴ ግማሽ ምግብ እየቆረጡ ሩጫ መጀመር የገነቡትን ማፍረስ ነው።

በጾም ወራትስ?

ለኦርቶዶክሳውያን ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ። «በጾም ጡንቻ ይጠፋል» የሚለው ፍርሃት ግን መሠረቱ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የብራዚል ጥናት የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይበሉ 19 ወጣቶችና ሁሉን የሚበሉ 19 ወጣቶች፣ ሁለቱም በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ተደርገው ለ12 ሳምንት የእግር ስፖርት ሠሩ። በጡንቻም በጉልበትም እኩል ሆኑ። ሥጋ የማይበሉት ጉድለታቸውን የሞሉት በአኩሪ አተር ፕሮቲን ነበር።

የእኛ የጾም ማዕድ ለዚህ ድሃ አይደለም። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ጥራጥሬ ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የሚሆነው ይህ ነው። ሁለት እንጀራ (32)፣ ሽሮ (10)፣ ከ70 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ወጥ (17)፣ 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ (10)፣ 50 ግራም ለውዝ (13)፣ አንድ ብርጭቆ በሶ (6)፤ ድምሩ 88 ግራም ነው። ትንሽ የአኩሪ አተር ዱቄት ሽሮው ውስጥ ቢገባ 96ቱ ይሞላል። በጾም የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ለመብላት የሚቀረው አጭር ሰዓት ነው። በ9 ሰዓት ጠንከር ያለ ምሳ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጂም፣ ማታ 2 ሰዓት እራት፣ ከመተኛት በፊት ቆሎና በሶ። በረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ ከማፍጠሪያው አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢሠራና ሱሁሩን በፕሮቲን ቢሞላው ይቀለዋል። በሁለቱም ጊዜ የዙሩን ብዛት በሲሶ መቀነስ ይቻላል፤ የብረቱ ክብደት ግን ባለበት ይቆይ። ጡንቻን የሚያቆየው እሱ ነው።

እንዲያውም መጨመር ለሚገባው ሰው የቀን መቁጠሪያው ራሱ ይረዳል። በዐቢይ ጾም የያዙትን ማቆየት፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ፣ ጭማሪውን መጀመር። የፋሲካ ሳምንት ሚዛን ግን አይታመን፤ ዶሮ ወጡና ቅርጫው ባንድ ጊዜ ሁለት ኪሎ ያሳያል፣ አብዛኛውም ሳምንት ሳይሞላ ይወርዳል።

ስለሚሸጡት ነገሮች

ክሬቲን የተባለው የስፖርተኞች ማሟያ ዱቄት በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም በደንብ የተጠና ነው፤ ዋጋው ካልከበደ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ በአንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ሊዘል ይችላል፤ በደረጃ 6 ስትፈርዱ ይህን አስቡ። ዱቄቱ በፋብሪካ በኬሚካል የሚዘጋጅ እንጂ ከሥጋ ወይም ከወተት የሚወጣ አይደለም፤ የወተት ፕሮቲን ዱቄት ግን የፍስክ ነው።

«የሚያወፍር» ተብለው በየሱቁና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡ ኪኒኖች ሌላ ነገር ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ናቸው። ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ከዚያም ያስተኛል፤ መኪና የሚነዳና ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ሊፈራው ይገባል። ዴክሳሜታዞን ደግሞ የብግነት ማስታገሻ መድኃኒት ነው፤ ፊትን ያሳብጣል፣ ውኃና ስብ ያከማቻል፣ የደም ስኳርና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጡንቻን ግን ይበላል። ለጡንቻ ብሎ የሚወስደው ሰው የሚያገኘው የዚያኑ ተቃራኒ ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመውም አደጋ ስላለው ያለ ሐኪም ማቆም የለበትም። መለያው ላይ የይዘቱ ስም ያልተጻፈ ኪኒን ወይም «የአገር ባህል ዱቄት» ነው ተብሎ በሳምንት ውስጥ ጉንጭ የሚሞላ ነገር ካጋጠማችሁ፣ ይዛችሁት ወደ ፋርማሲስት ሂዱና አሳዩ።